የወይን ካቢኔት ስትመርጡ፦ መጀመሪያ ጠርሙሱ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እወቁ

የወይን ካቢኔት፣ ማለትም ወይንን በልኩ ቅዝቃዜ የሚያስቀምጥ ማቀዝቀዣ፣ ሊገዛ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ጠርሙስ ይይዛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ሁለተኛ መምጣት አለበት። ከሱ የሚቀድም ሌላ አለ። የምትገዙት ጠርሙስ ሳይከፈት ቤታችሁ ምን ያህል ይቆያል? ሦስት ሳምንት? ስድስት ወር? አሥር ዓመት? ይህን ካወቃችሁ የምርጫው ከባዱ ክፍል አለቀ።

ይህን የምለው በአንድ ጠርሙስ በጣም አዝኜ ስለማውቅ ነው። ወዳጄ የሰጠኝን ቀይ ወይን «ለጥሩ ቀን» ብዬ ኩሽና ውስጥ፣ ፍሪጁ አናት ላይ አቆምኩት። አራት ዓመት ተቀመጠ። ቀኑ ደርሶ ስከፍተው ቡሹ ደርቆ እጄ ላይ ተፈረካከሰ። የወይኑ ቀለም ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ሽታው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ወይኑ ምንም አላጠፋም። የገደለው ቦታው ነው። የፍሪጅ አናት ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃን ያገኘዋል። ጠርሙሱም ቆሞ ነበር።

ወይንን የሚጎዱት አራት ነገሮች

ሙቀት፣ ብርሃን፣ ድርቀትና ንዝረት ናቸው። እኩል ግን አይደሉም።

ትልቁ ሙቀት ነው። ለረጅም ጊዜ ማቆያ የሚመከረው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይሁን እንጂ ከቁጥሩ ይልቅ አለመለዋወጡ ይበልጣል። ዓመቱን ሙሉ 16 ዲግሪ የሆነ ክፍል፣ ሌሊት 10 ቀን 22 ከሚሆን ክፍል እጅግ ይሻላል። ወይን ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል፤ ቡሹን ወደ ውጭ ይገፋል። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በቡሹ ዳር አየር ይስባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ጠርሙሱ መተንፈስ ጀመረ ማለት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ ለሳምንታት የቆየ ወይን ደግሞ ትኩስነቱን ያጣል፤ የተቀቀለ ፍራፍሬ ጣዕም ያመጣል። ከዚያ በኋላ ብታቀዘቅዙትም አይመለስም።

ብርሃን ብዙ ሰው የሚንቀው ጠላት ነው። ወይን ውስጥ ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2 አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ከአሚኖ አሲዶች ጋር ተዋህዶ የድኝ ሽታ ያላቸው ነገሮች ይፈጥራል። የተቀቀለ ጎመን ወይም የረጠበ ሱፍ የሚሸት ወይን ቀምሳችሁ ከሆነ ምናልባት የብርሃን ሥራ ነው። በጣም የሚጎዱት ቀለም በሌለው ጠርሙስ የሚታሸጉት ነጭ ወይኖችና ሮዜ የሚባሉት ሮዝ ቀለም ያላቸው ወይኖች ናቸው። አረንጓዴ ጠርሙስ ትንሽ ይከላከላል፤ ቡናማ የተሻለ ይከላከላል።

ድርቀት የሚጎዳው ቡሹን ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ከበዛ ቡሹ አይጎዳም፤ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ይሻግታል። ንዝረት የጠርሙሱን አተላ ያናውጣል። ከአራቱ እኔ ትንሹን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጠላቂዎች ባልቲክ ባሕር ውስጥ፣ በፊንላንድ አላንድ ደሴቶች አጠገብ ከሰመጠች መርከብ 168 የሻምፓኝ ጠርሙሶች አገኙ። 50 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ 170 ዓመት ያህል ተኝተው ነበር። ከተከፈቱት ውስጥ ዛሬም የሚጠጡ ተገኙ። እዚያ ታች ያለው ጨለማ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜና ጸጥታ ብቻ ነው። ጥሩ ካቢኔት፣ ያን ያህል ባያቀዘቅዝም፣ ይህንኑ ጨለማ፣ ጸጥታና የማይለዋወጥ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚፈጥር ዕቃ ነው።

ካቢኔት፣ ፍሪጅ ወይስ ቁም ሳጥን?

ወይን ገዝታችሁ በወር ውስጥ የምትጠጡት ከሆነ ካቢኔት አያስፈልጋችሁም። ይህን በግልጽ መናገር ይገባል። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ያለ ቁም ሳጥን፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ብሎ ይበቃል። ጨለማ ነው፤ የሚነካው የለም። አንድ ቴርሞሜትር አስገብታችሁ አንድ ሳምንት ተከታተሉት። ከ20 ዲግሪ ካልበለጠና ቀንና ሌሊት ብዙ ካልተለያየ ለጥቂት ወራት አስተማማኝ ቦታ ነው።

የኩሽና ፍሪጅ ሌላ ጉዳይ ነው። 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወይን በዚያ ብርድ መብሰሉን ያቆማል ማለት ይቻላል። አየሩ ደረቅ ነው። በሩ በቀን ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ የምግብ ሽታም አለ። ለሳምንታት ችግር የለውም። ለዓመት ግን አይሆንም። ፍሪጅ በእውነት የሚጠቅመው ለተከፈተ ጠርሙስ ነው። ክዳኑን መልሳችሁ አቁሙት። ቀይም ቢሆን ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆይላችኋል።

ካቢኔት የሚያስፈልገው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ቤቱ ሞቃት የሆነ ወይም ሙቀቱ የሚለዋወጥበት፣ ሁልጊዜም ሃያ ሠላሳ ጠርሙስ የሚይዝ ሰው ነው። ሌላው ጠርሙስ ገዝቶ ለዓመታት የሚያስቀምጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ወይን ሲያረጅ ይጣፍጣል» የሚለው አባባል ለሁሉም ወይን አይሠራም። አብዛኛው ወይን የሚጠመቀው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። ቀለል ያለ ነጭ ወይን አሥር ዓመት ምርጥ ካቢኔት ውስጥ ብታስቀምጡት የሚሆነው ያረጀ ቀለል ያለ ነጭ ወይን ነው።

ማቆያ ወይስ ማቅረቢያ?

ሻጮች ሁለቱንም «የወይን ካቢኔት» ይሏቸዋል። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው፤ ገንዘብ የሚባክነውም በብዛት እዚህ ላይ ነው።

የማቆያ ካቢኔት አንድ ሙቀት ብቻ ይይዛል፤ 12 ወይም 13 ዲግሪ አካባቢ። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ እርጥበት ይጠብቃል፣ በሩ ብዙ ጊዜ ድፍን ነው። የማቅረቢያ ካቢኔት ደግሞ ወይኑን ለመጠጥ በሚመቸው ቅዝቃዜ ያስቀምጣል። ብዙዎቹ ሁለት ክፍል አላቸው፤ አንዱ ለነጭ፣ አንዱ ለቀይ። አረፋማ ወይን ከ6 እስከ 10 ዲግሪ፣ ነጭና ሮዜ ከ8 እስከ 12፣ ቀለል ያለ ቀይ ከ12 እስከ 14፣ ጠንካራ ቀይ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲቀርብ ደስ ይላል።

ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ያደባልቃል። ነጭ ለብቻ፣ ቀይ ለብቻ የሚለው ለማቅረብ ነው እንጂ ለማቆየት አይደለም። ለማቆየት ነጩም፣ ቀዩም፣ ሻምፓኙም በአንድ 13 ዲግሪ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ቀለማቸው ስለተለየ የሚፈልጉት አይለይም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ጠርሙሶቻችሁ ከዓመት በላይ የሚቆዩ ከሆነ ባለ አንድ ሙቀት ግዙ። ለሁለተኛው ክፍል የምትከፍሉትን ገንዘብ ለተሻለ ግድግዳና ለተሻለ ኮምፕረሰር፣ ማለትም ለሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ አውሉት። ነጩን ልትጠጡ ስትሉ አርባ ደቂቃ ያህል የኩሽና ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት፤ ቀዩን ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አውጡት። በቃ። በተቃራኒው ነጭም ቀይም በየሳምንቱ የምትከፍቱ፣ እንግዳ የሚበዛባችሁ፣ ጠርሙስ ከስድስት ወር በላይ የማይቆይባችሁ ከሆነ ባለ ሁለት ክፍሉ ያስደስታችኋል።

ሦስትና ከዚያ በላይ ሙቀት አለው የሚባለውን ለቤት አልመክርም። ክፍሎቹ በተጠጋጉ ቁጥር እርስ በርስ ሙቀት ይዋዋሳሉ።

ኮምፕረሰር ወይስ ቴርሞኤሌክትሪክ?

ካቢኔቶች የሚያቀዘቅዙት በሁለት መንገድ ነው፤ እንደ ፍሪጅ በኮምፕረሰር፣ ወይም በቴርሞኤሌክትሪክ፣ ማለትም ያለ ሞተር በኤሌክትሪክ ብቻ። ቴርሞኤሌክትሪክ የሚሠራበት ክስተት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው። ያገኘው ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲዬ ነበር። ኤሌክትሪክ ሁለት የተለያዩ ማስተላለፊያዎች በሚገናኙበት ቦታ ሲያልፍ አንዱ ጎን ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ጋዝ የለውም፤ ሞተርም የለውም። የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖረው ትንሽ ማራገቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ አይንቀጠቀጥም፤ ድምፁም አይሰማም ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ሻጩ የማይነግራችሁ ሌላውን ነው። ይህ ዓይነት የሚያቀዘቅዘው ከክፍሉ ሙቀት ተነስቶ ነው። ጥሩ የሚባለው ከክፍሉ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያደርጋል። ክፍላችሁ 22 ከሆነ 12 ማግኘት አይከብደውም። ክፍላችሁ 32 ሲሆን ግን ካቢኔቱ ውስጥ 18 ወይም 20 ታገኛላችሁ። ክፍሉ ሲሞቅ ካቢኔቱም አብሮ ይሞቃል፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል። ቅድም እንዳልኩት ወይንን የሚጎዳው ይኸው መለዋወጥ ነው። በዚያ ላይ ለሚሰጠው ቅዝቃዜ የሚበላው መብራት ብዙ ነው። ብዙ ጊዜም አይጠፋም፤ ያለማቋረጥ ይሠራል።

ኮምፕረሰር እንደ ተራ ፍሪጅ ነው። ኃይለኛ ነው፣ በሞቃት ክፍልም የታዘዘውን ቁጥር ይይዛል፣ ትልልቅ ካቢኔቶችን ይችላል። ሲነሳና ሲጠፋ ግን ይሰማል፤ ጥቂት ይንቀጠቀጣል። ጥሩዎቹ ኮምፕረሰሩን በጎማ ላይ ያሳርፉታል፤ መደርደሪያውንም ከእንጨት ይሠሩታል። ያኔ ጠርሙሱ ጋ የሚደርሰው ንዝረት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ከ25 ዲግሪ የማያልፍ፣ ጠርሙሶቹ ከሃያ የማይበልጡ፣ ካቢኔቱም መኝታ ቤት ወይም ሥራ የምትሠሩበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ቴርሞኤሌክትሪክ ውሰዱ። ከዚህ ውጭ ላለው ሁሉ ኮምፕረሰር። እኔ ራሴ በጸጥታው ተማርኬ የመጀመሪያውን ቴርሞኤሌክትሪክ ገዝቼ ነበር። በሞቃቱ ወራት ቁጥሩ ከ19 አልወርድም ሲለኝ ለሌላ ሰው አሳልፌ ሰጠሁት።

የትኛውንም ስትገዙ የአየር ጠባይ ምድቡን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ወይም ጀርባው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፋል። «ኤን» የሚለው ክፍሉ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን ይሠራል ማለት ነው። «ኤስኤን» ከ10 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ከ16 እስከ 43 ነው። የታችኛውንም ቁጥር አትናቁት። ካቢኔቱን ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ለማስቀመጥ ካሰባችሁና ብርዱ የሚከብድ ከሆነ ማሞቂያ ያለው ያስፈልጋችኋል። ማቀዝቀዣ ብቻ ያለው ካቢኔት ቅዝቃዜን አይከላከልም። ወይን ከዜሮ በታች አምስት ስድስት ዲግሪ ላይ መርጋት ይጀምራል፤ ያኔ ቡሹን ይገፋዋል።

የመስታወት በር ወይስ ድፍን?

ለማቆየት ድፍን። ብርሃን አያስገባም፤ ቅዝቃዜንም የተሻለ ይይዛል። መስታወት ከፈለጋችሁ፣ ያምራልና እረዳችኋለሁ፣ ድርብ ወይም ሦስት ድርብ ሆኖ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚከለክል ይሁን። ካቢኔቱንም መስኮት ፊት ለፊት አታቁሙት። የውስጥ መብራቱ ኤልኢዲ መሆኑንና በሩ ሲዘጋ የሚጠፋ መሆኑን አረጋግጡ።

በኩሽና ቁም ሳጥን መካከል የሚገባና ለብቻው የሚቆም ካቢኔት አንድ አይደሉም። የሚገባው ሙቀቱን የሚያስወጣው በፊት በኩል፣ በግርጌው ነው። ለብቻው የሚቆመው በጀርባው ነው። ሁለተኛውን ወስዶ ጠባብ ቦታ ውስጥ መቀርቀር ኮምፕረሰሩን ማፈን ነው።

ጠርሙሱና መደርደሪያው

አሁን ወደዚያ ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ። ካቢኔቱ ላይ የተጻፈው የጠርሙስ ብዛት የሚቆጠረው በቦርዶ ቅርጽ ነው፤ ትከሻው ቀጥ ያለው፣ ወገቡ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ። ትከሻው ተዳፋት የሆነው የቡርጎኝ ጠርሙስ ከሱ ይወፍራል። የሻምፓኝ ደግሞ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። «50 ጠርሙስ» የተባለው ካቢኔት የተደባለቀ ስብስብ ሲገባበት 35 ወይም 40 ላይ ይሞላል። ስለዚህ ከሚያስፈልጋችሁ ቢያንስ ሲሶ የሚበልጥ ግዙ። ደግሞም ስብስብ ያድጋል።

ክብደቱንም አስቡ። ሙሉ ጠርሙስ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ሻምፓኝ ከዚያም ይበልጣል። መቶ ጠርሙስ ማለት ካቢኔቱን ሳይጨምር ከ120 እስከ 150 ኪሎ ነው። ወለሉ ጠንካራና የተስተካከለ ይሁን።

መደርደሪያው የሚሳብ ከሆነ አንዱን ጠርሙስ ለማውጣት ሌላውን መነካካት አያስፈልግም፤ ግን ቦታ ይበላል። ቋሚው መደርደሪያ ብዙ ይይዛል። እኔ ሁለቱን ማደባለቅ እወዳለሁ። ዘንድሮ የሚጠጣው በሚሳቡት ላይ፣ የሚቆየው ታች ቋሚው ላይ በርከት ብሎ ይደረደራል። ስትደረድሩ አንዱን አንገቱን ወደ በሩ፣ ቀጣዩን ወደ ግድግዳው አዙሩ። ጠርሙሱ ግን የኋላውን ግድግዳ አይንካ። እዚያ ውኃ ይቋጠራል፤ ወረቀቱ ይበሰብሳል።

ማስተኛት ወይስ ማቆም? የተፈጥሮ ቡሽ ያለው ይተኛ። ወይኑ ቡሹን ሲነካ ቡሹ አይደርቅም። የሚጠመዘዝ ክዳን፣ የፕላስቲክ ቡሽ ወይም የመስታወት ክዳን ያለው ቢቆምም ግድ የለም። አረፋማ ወይንም ቆሞ መቀመጥ ይችላል፤ በውስጡ ያለው ግፊትና እርጥበት ቡሹን ያስጠብቃል። ካቢኔቱ ሲጠባችሁ መጀመሪያ ቀና ማድረግ የምትችሉት እነዚህን ነው። አተላ ያለበትን ያረጀ ቀይ ወይን ግን ከመክፈታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ አቁሙት። አተላው ይወርዳል፤ በቀስታ ስትቀዱት ታች ይቀራል። ነጭ ወይን ውስጥ ስኳር የሚመስል ድቃቂ ካያችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ቅዝቃዜ ያወጣው የወይን አሲድ ጨው ነው፤ ምንም አያደርግም።

ካቢኔቱ ቤት ሲገባ

ተኝቶ ከተጓጓዘ አቁማችሁ አንድ ቀን ሙሉ ሳትሰኩት ቆዩ። የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው ይመለስ። ከዚያ ባዶውን አስነሱትና ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቁ። ሞቃት ጠርሙሶችን በአንድ ጊዜ አትሙሉበት፤ በሁለት ሦስት ቀን ከፋፍሉት።

ሙሉ ካቢኔት ከባዶው የተረጋጋ ነው። ጠርሙሶቹ ራሳቸው ቅዝቃዜውን ይይዙታል፤ በሩ ሲከፈት የሚወጣው አየር ብቻ ነው። ስብስባችሁ ገና ትንሽ ከሆነ ባዶ ጠርሙሶች ውኃ ሞልታችሁ ቦታውን ያዙበት። መብራት ሲጠፋም ይህ ነው የሚያድናችሁ። በሩን አትክፈቱ፤ ሙሉ ካቢኔት ሰዓታት ይቋቋማል።

የበሩን ጎማ አልፎ አልፎ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የከሰል ማጣሪያ ካለው በዓመት አንዴ ቀይሩት፤ ሽታ የሚይዘው እሱ ነው። ቀለም፣ ሽንኩርት፣ የጽዳት ፈሳሽ ካቢኔቱ አጠገብ አታስቀምጡ። በየጠርሙሱ አንገት ላይ የተገዛበትን ዓመትና ልትከፍቱት ያሰባችሁበትን ጊዜ ጽፋችሁ እሰሩ። የእኔ ያ ቀይ ወይን እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ አራት ዓመት አይረሳም ነበር።

በሩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ደግሞ ብቻውን አትመኑት፤ የሚለካው አየሩን ነው። ተራ ቴርሞሜትር ውኃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ክተቱና አንድ ቀን ላይኛው መደርደሪያ፣ አንድ ቀን ታችኛው ላይ አስቀምጡት። ማራገቢያ በሌለው ካቢኔት ላይኛው ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢሞቅ የተለመደ ነው። እንዲህ ከሆነ ቶሎ የሚጠጣውን ቀይ ላይ አድርጉ፤ ነጩን፣ አረፋማውንና ለዓመታት የሚቆየውን ወደ ታች አውርዱ።